ከገዳሙ በር የተመለሱ

ኅዳር 9 ቀን

ውድ እትዬ፣

ይህ ወረቀት በጤናና በሰላም ያግኝሽ። እኔና ልጄ ደህና ነን፤ ለዚህም ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ልጄ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አያት መስላለች። "አክስቴን ሳሚልኝ" ትለኛለች፤ በወረቀት እንዴት እንደሚሳም ግን አላሳየችኝም። አንቺስ? ተማሪዎችሽ አሁንም ራስሽን ያዞሩታል? ብርዱስ?

የጉልበት ማሞቂያው ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ። ከተቻለሽ ሌላ ጥንድ ጨምሪልኝ፤ አሁን ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው። ዓሣ ማጽዳቱን ትቼዋለሁ፣ እጄም ከሽታው ተገላግሏል። ከወንዙ በላይ ያለው የገዳሙ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ያ አንቺ የተማርሽበት፣ ከተዘጋ በኋላ ላረጁ ሲስተሮች ማረፊያ አድርገውታል። እኔ ምግብ አበስላለሁ፣ በሩንም እጠብቃለሁ። የትልቁ በር ቁልፍ ወገቤ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀን ስከፍተው አባቴ ትዝ አለኝና ቁልፉን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ የወተት ሻጩ "ሴትዮ፣ ትከፍቻለሽ ወይስ ልሂድ?" እስኪለኝ ድረስ።

ወደ ነገሩ ልግባ። ያለፈውን ደብዳቤ ስጽፍልሽም አውቀው ነበር፤ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው፣ እንዳትቀየሚኝ። ሲስተር መቀስ መጥታለች። የነበረችበት ገዳም ሲዘጋ እዚህ አምጥተው አስቀመጧት። ዓይኗ ከጥላ በቀር አያይም፤ ጆሮዋ ግን የድመት ኮቴ ይሰማል። እኔን አታውቀኝም። ያኔ እኔ ገዳሙን የማውቀው ከጀልባ ላይ ሆኜ ነበር።

የማበላት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ምን ላድርግ?

እህትሽ
ጉርጤ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለእህቴ ለጉርጤ፣

ላንቺም ለልጅሽም ጤና እየተመኘሁ፣ ሰላምታዬን ባሳጥር አትዘኚብኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ እንደ ሰው ወግ መጀመር አቅቶኛል።

በሕይወት አለች? እኔ እኮ በልቤ ቀብሬያት ነበር። መቃብሯን ሁሉ አበጅቼላት።

አንቺ ገዳሙን ከጀልባ ላይ ነው የምታውቂው፤ ከውስጥ ልንገርሽ። መኝታ ቤታችን ረጅም ነበር፤ አልጋ በአልጋ፣ መሀሉ እንደ መንገድ። መስኮቶቹ ከቁመታችን በላይ ስለሆኑ ወንዙን አናየውም፣ እንሰማዋለን እንጂ። ዝናቡ ሲገባ ድምፁ ይጎረንናል። ያኔ እኛ የወንዝ ዳር ልጆች አንሶላ ውስጥ ሆነን "አሁን መሻገሪያውን ውጦታል፣ አሁን ሸምበቆው ተኝቷል" እንባባላለን፤ እዚያ ካሉት የነጋዴና የሹም ልጆች የምንበልጥበት ዕውቀት እሱ ብቻ ነበር። መቀስ በመኝታ ሰዓት ስታወራ ያገኘቻትን ልጅ ጠዋት ደወሉ ሥር ታቆማታለች። ወገቧ ላይ በጥቁር ክር ያንጠለጠለችው መቀስ አለ፤ ስሟም ከዚያ ነው የመጣው። ፀጉር ትቆርጣለች፣ ግን ግማሹን ብቻ። ግማሹን ለሳቅ ትተወዋለች። እኔን የቆረጠችኝ በእንቅልፌ "እማዬ" ብዬ ስለጮህኩ ነው። ይህንን ትቼላታለሁ። ፀጉር ይበቅላል።

የማይበቅለው ሌላው ነው። ታሪኩን ታውቂዋለሽ፣ ከኔ አፍ ግን ሰምተሽው አታውቂም። ፈተናው አልቆ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ አጎቴ፣ አባትሽ፣ በጀልባው ሊወስደኝ መጣ። ሲቀዝፍ ሁልጊዜ ይዘፍን ነበር፤ የዚያን ቀን አልዘፈነም። ሰላም ስለው ሻንጣዬን ተቀብሎ ወደ ጀልባዋ ወረወረው። ቀና ብሎም አላየኝ። ምን አጠፋሁ እያልኩ መሀል ወንዝ ደረስን።

"አጎቴ፣ እማዬ እንዴት ናት?" አልኩት።

መቅዘፊያው ከእጁ አመለጠ። ጀልባዋ ዞራ በጎኗ ትሄድ ጀመር፤ እሱ አላስተዋለም።

"አንቺ ልጅ፣ አልነገሩሽም እንዴ?"

"ምኑን?"

"እናትሽ ታማ ልወስድሽ መጥቼ፣ 'ፈተና አለብኝ፣ አልመጣም ብላለች' ብለው ከበር መለሱኝ እኮ!"

መምጣቱንም አላወቅኩም። እናቴ ከተቀበረች ሰንብታ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ያንን ቃል በኔ ስም የተናገረችው መቀስ ናት። ጀልባዋ ሄዳ ሸምበቆው ውስጥ እስክትሰካ ድረስ ሁለታችንም ተቃቅፈን አለቀስን።

ምን ላድርግ ብለሽኛል። ለጊዜው ምንም። ተመልከቻት። ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደምትፈራ፣ ማንን እንደምትጠራ ጻፊልኝ። ፎቶዋንም ላኪልኝ፤ አርጅታ ላያት እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ። እናቴ ስትሞት አንቺ ትንሽ ብትሆኚም እዚያው ቤት ነበርሽ። አጎቴ ያለ እኔ ሲመለስ ምን አለች? በጠየቅኩሽ ቁጥር ስለ ልጅሽ ጥርስ ትጽፊልኛለሽ።

እትዬሽ


የካቲት 14 ቀን

ውድ እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። መልሴ ዘግይቷል፣ አውቃለሁ። የጉልበት ማሞቂያውን ለጊዜው ተዪው፤ ለልጄ ወፍራም ሹራብ ቢገኝ ይሻላል።

ፎቶ አላነሳኋትም። ፊቷ ቤትሽ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። እንዲያው በቃል ልንገርሽ። ቀጥናለች፤ ሳነሳት እንደ ባዶ ቅርጫት ናት። ትኩስ ሾርባ ትወዳለች፣ ዳቦውን እያረሰረስኩ እሰጣታለሁ። ነፋስ በር ሲያላጋ ትደነግጣለች። ጥፍሯን ልቆርጥላት መቀስ ስይዝ ደግሞ እጇን ትሰበስባለች። "ቀስ" ትለኛለች። ቀስ እላለሁ።

አንድ ቀን ሾርባዋን እያጎረስኳት "ሲስተር፣ እዚህ በር ላይ ብዙ ሰው መልሰዋል አሉ" አልኳት።

"ብዙ" አለች፣ ኮራ ብላ። "አንዱ ሠርግ አለ ይላል፣ አንዱ አጨዳ፣ አንዱ አያት ታማለች። ለሁሉም ብከፍት ኖሮ ማን ይማር ነበር?"

"አንድ የጀልባ ሰው ነበር። እህቱ ልትሞት ነበር።"

"የቱ የጀልባ ሰው?" አለች። "የሚመጣው ሁሉ በጀልባ ነው።"

ማንኪያውን አስቀምጬ ወጣሁ። ሾርባው ይቀዝቅዝባት ብዬ ነው። ስመለስ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች፣ እንደ ጫጩት።

የቱ የጀልባ ሰው አለችኝ! እትዬ፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ አባቴን አላየሽውም። ታላቅ ወንድሙ በሰው መሀል "በሩን ሰብረህ አትገባም ነበር ወይ? ሴት መለሰችህ?" አለው።  በማግስቱ አባቴ ጀልባዋን ጎትቶ አወጣና ግቢ ውስጥ ደፋት፤ ሥሯ ዶሮ ይፈለፈልባት ጀመር። መቅዘፊያውን እናቴ ለማገዶ ስትፈልጠው ቁጭ ብሎ አየ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ለወንዙ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው። ያ ሁሉ ዘፈን የት እንደገባ እንጃ።

መቀስ አንቺን ግን ታስታውስሻለች። ይህን ልጻፈው አልጻፈው ብዬ ነው የዘገየሁት። የጎበኛት ሁሉ ጆሮው እስኪደነቁር "አንዷ ልጄ ባሕር ማዶ ናት" ትላለች። "በፈተናው አንደኛ ወጥታ ነው ነፃ ትምህርት ያገኘችው። ቤተሰቦቿ ሊያስቀሯት ነበር፤ እኔ ነኝ ያዳንኳት።" ስምሽን ስታነሳ ፊቷ ይበራል።

ስለ እናትሽ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ልጄ እየጠራችኝ ነው።

ጉርጤ


መጋቢት 8 ቀን

ጉርጤ፣

ሹራቡን ልኬልሻለሁ። ለልጅሽ ይሁናት፣ ይድመቅላት።

"ልጄ" ትለኛለች? "አዳንኳት"? ደብዳቤሽን አንብቤ ቦርሳዬን እንኳ ሳልይዝ ከቤት ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ለብቻዬ እያወራሁ ስሄድ ሰዎች ዞር እያሉ ያዩኛል። ከእናቴ ሞት ላይ እንደ አበባ የቀጠፈችኝ እሷ ናት፣ አሁን ደግሞ ፀጉሯ ላይ ሰክታኝ ትዞራለች።

ጉራዋን ንጠቂልኝ። ሌላ አልጠይቅሽም። እንዲህ በያት፦ "የዚያች ልጅ መንደር ሰዎች ነገሩኝ። ትምህርቱ አልሆነላትም። ባሕር ማዶ የሰው ወለል ትጠርጋለች።" ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ እንዳዘነ ሰው ንገሪያት። ከዚያ ፊቷን እዪውና ጻፊልኝ። ከቅንድቧ እስከ አገጯ፣ አንዳች እንዳትተዪ።

የጠየቅኩሽንም አልረሳሁም።

እትዬሽ


ግንቦት 2 ቀን

ውድ እትዬ፣

ሹራቡ እስከ ጉልበቷ ደርሷል፣ ልክ ነው ብላ አላወልቅም አለች። ፈጣሪ ይስጥልን።

እንዳልሽው ነገርኳት። ወለል ትጠርጋለች አልኳት። ጣቶቿ የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዙ። ምሳዋንም ሳትበላ መለሰችው። እኔም በልቤ "ይኸው ደረሰልሽ እትዬ" አልኩ። ወደ ማታ ስትጠራኝ በደስታ ሄድኩ፣ አልዋሽሽም። ምን አለችኝ መሰለሽ? "ድሮም ለሂሳብ ትቸኩል ነበር። ስትቸኩል ነው የምትሳሳተው።" ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ጮክ ብላ ትጸልይልሻለች። "ያቺን ልጅ ከወለል አንሣት" ትላለች። ሌሎቹ አሮጊቶችም "አሜን" ይላሉ። እኔ ድስት እያጠብኩ እሰማለሁ፣ ድስቱን በራሷ ላይ ብደፋው ደስ ይለኛል።

ሌላ ወሬ አለ። መቀስ ታናሽ እህት አላት፤ ከዘመድ የቀረቻት እሷ ብቻ ናት። ድሮ ተኳርፈው ለብዙ ዘመን ተቆራርጠው ነበር አሉ። አሁን መቀስ ነይ ብላ አስጽፋላት፣ ዝናቡ ሳይገባ ልትጠይቃት እንደምትመጣ ለአለቃችን መልእክት መጥቷል። መቀስ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች። ወንበሯን በሩን ወደሚያየው መስኮት አስጠግቼላታለሁ፣ ባታይም እዚያ መቀመጥ ትፈልጋለች። ነጭ ነጠላ ጨርቋን ሁለቴ አሳጠበችኝ። ለእህቷ የምትለውን ለብቻዋ ትለማመዳለች፤ ትጀምርና "አይ፣ እንደዚህ አይደለም" ብላ ትተወዋለች። ኮቴ በሰማች ቁጥር "እሷ ናት?" ትለኛለች።

ይህን ለምን እንደምጽፍልሽ አንቺ ታውቂያለሽ።

ጉርጤ


ግንቦት 25 ቀን

እህቴ፣

አውቃለሁ። እንዳነበብኩት ነው የገባኝ፤ አንቺም ስትጽፊው ገብቶሽ ነበር።

እህቷ ስትመጣ በሩ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ቁልፉ ያንቺ ነው። አትስደቢያት፣ አትገፍትሪያት። መቀስ ለአባትሽ የተናገረችው በለሰለሰ አንደበት ነበር፤ "ወንድሜ" ብላዋለች፣ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። አንቺም "እማማ" በያት። "አልፈልግም፣ አልመጣም ብላለች" በያት። ከዚያ ዝጊው። ቃሉ ይኸው ነው፣ አትጨምሪበት፣ አትቀንሺለት።

መቀስም መስኮቷ ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቅ። ትለማመድ። ነጭ ጨርቋን ታሳጥብ። የሚጠብቁት ሰው እንደማይመጣ ቀስ በቀስ ሲገባ አንጀት ምን እንደሚሆን ትየው።

አልችልም ካልሽ አልቀየምሽም፤ ንገሪኝና ሥራዬን ጥዬ እኔው እመጣለሁ። ግን የምትችዪ ይመስለኛል። ከልጅነታችን ጀምሮ ውሃ ውስጥ ብዙ መቆየት የምትችዪ አንቺ ነበርሽ። እኔ ቶሎ ነበር የምወጣው። ጉርጤ ያልኩሽም ለዚያ አይደል?

እትዬሽ


ሰኔ 20 ቀን

ጉርጤ፣ እህቴ፣

ይህ ያለፈውን ቀድሞት ይድረስሽ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ሰላምታውን በልቤ አድርሼዋለሁ።

በቀደም የዓመቱን መጨረሻ ፈተና እያስፈተንኩ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ሰው ቆሟል፤ ሥራ ላይ እንዳለ ነው የመጣው፣ ሱሪው ላይ ኖራ ተረጭቷል። ቆቡን በሁለት እጁ ይጨምቃል። "ልጄን ልወስዳት ነው፤ እናቷን ሆስፒታል አስገብተናታል" አለኝ። እኔ ምን አልኩት መሰለሽ? "ትንሽ ነው የቀራት፣ ትጨርስ። ለሷው ብዬ ነው" አልኩት። በለሰለሰ ድምፅ! እሱም አንገቱን ሰብሮ "እሺ" አለ። ሰው የሚመለሰው እንዲህ በቀላሉ ነው፣ ጉርጤ። አጎቴን በልቤ የወቀስኩበት ጊዜ ነበር፣ ለምን አልጮኸም ብዬ። መጮህ እንዴት ይቻላል? መምህር ናት፣ ታውቃለች ብሎ ነው።

በሩን ልዘጋ ስል እጄ ቆመ። ልጅቱን ጠራኋት። ብዕሯን እንኳ ሳትከድን ሮጠች።

መቀስን አሁንም አልወዳትም። ግን ያንን ቃል ሰይጣን ያፈለቀው ይመስለኝ ነበር፤ ከኔው አፍ፣ ያለ ማንም እርዳታ ወጣ። አልፈልገውም። ሌላ አሮጊት በጭቃ መንገድ ተመልሳ እንድትሄድ አልፈልግም። ያልኩሽን ተዪው። በሩን ክፈቺላት፤ እህትማማቾቹ ይገናኙ። እኔን ለማስደሰት ብለሽ ምንም እንዳታደርጊ፣ እባክሽ።

ፈጥነሽ ጻፊልኝ።

እትዬሽ


መስከረም 6 ቀን

ውድ እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ በሕይወት አለን። ወንዙ ዘንድሮ ቤታችን ደጃፍ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ጀልባም ፖስታም ቆሞ ከረመ። የሰኔ ደብዳቤሽ የደረሰኝ አሁን ውሃው ሲወርድ ነው። የግንቦቱ በጊዜው ደርሶኛል።

እንግዲህ ልንገርሽ። የመጣችው ዝናቡ በጀመረ ሰሞን ነው። በሩን ገርበብ አድርጌ ከፈትኩ። ቁጭ መቀስ፣ ግን አጠር ያለች። አንድ ጫማዋን ጭቃ ነቅሎባት በእጇ ይዛዋለች።

"እህቴን ልጠይቅ ነው፣ ልጄ" አለችኝ።

"እማማ፣ አልፈልግም፣ አልመጣም ብላለች" አልኳት።

"እኔ መሆኔን ነገርሻት?"

"ነግሬያታለሁ።"

"እሷ ናት እኮ ነይ ያለችኝ። እስቲ እንደገና ጠይቂልኝ፤ እግርሽን አያመው።"

ዘግቼ ከበሩ ኋላ ቆምኩ። የትም አልሄድኩም። ሄዶ እንደተመለሰ ሰው ትንሽ ቆይቼ ከፈትኩና "ያው ናት" አልኳት። አልጮኸችም። ጫማዋን እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ለማጥለቅ ሞከረች፣ ጭቃው አላስገባላት አለ፤ ትታው በእጇ እንደያዘች ወረደች። ጀልባው ላይ ስትሳፈር በዓይኔ ሸኘኋት።

ስገባ መቀስ ከወንበሯ ተነሥታ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች።

"ማን ነበር? የእህቴ ድምፅ ነው።"

"ዓሣ ሻጭ ናት፣ ሲስተር።"

"የእህቴን ድምፅ አጣዋለሁ?"

"ዓሣ ሻጭ ናት አልኩዎት። ዓሣው አልጣመኝም፣ መለስኳት።"

ከዚያ ወንዙ ሞላ፣ መንገዱም ተዘጋ። መቀስ መስኮቱ ሥር ስትጠብቅ ሳንባዋን ብርድ መታት። እየደከመች ስትሄድ፣ ሳታውቀው እንዳትሄድብኝ ፈራሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ጸሎት ላይ ሳሉ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ሲስተር፣ እህትዎ መጥታ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኳት።"

"ለምን?"

"ፈተና ላይ ስለነበሩ።"

ፊቷን ወደ ድምፄ መለሰች። ከዚያ "የዚያች ልጅ ዘመድ ነሽ" አለችኝ።

"የጀልባው ሰው ልጅ ነኝ።"

"እንግዲያው ወለል አትጠርግም።"

ምን አፌን እንደከፈተው አላውቅም፤ ባንቺ ልኮራባት ይሆናል። "አትጠርግም፣ አስተማሪ ናት!" አልኳት።

ፈገግ አለች፣ እትዬ። ከሁሉ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይህ ነው። እህቷን ነጠቅኳት፣ የመጨረሻ ወሯን ነጠቅኳት፤ ያንን ፈገግታ ግን ራሴው በእጄ ሰጠኋት። በዚያው ሳምንት ሞተች። ያጠብኳትም እኔ ነኝ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። እናትሽ አልጋዋን በር አጠገብ አስወጥታ ነበር፣ መሻገሪያውን ለማየት። ጀልባ ባለፈ ቁጥር "እሷ ናት?" ትለናለች። አባቴ ብቻውን ተመለሰና የሰማውን ነገራት። "ትማር" አለች። ከዚያ "አልጋዬን መልሱልኝ" አለች። ወደ ውስጥ መለሷት። ውሃ ይዤላት ገባሁ፣ አልጠጣችም። እስክትሞት ድረስ ስምሽን ደግማ አላነሳችም። ስትሞት እምቢ ያልሽ መስሏት ነው የሞተችው። ይህን ነበር በልጄ ጥርስ ስሸፍንብሽ የኖርኩት።

አንቺን ለማስደሰት ምንም አታድርጊ ብለሽኛል። ላንቺ ብዬ አላደረግኩትም። አንቺ መቀስን መማር ከቻልሽ ማሪያት፣ ያንቺ ነው። የአባቴ ግን የኔ ነው። ደብዳቤሽ በጊዜው ቢደርስም በሩን የምከፍት አይመስለኝም።

ጉርጤ


መስከረም 29 ቀን

ጉርጤ፣

ጤና ይስጥሽ።

ትማር አለች? ብዙ ቀን ይህን ቃል ይዤ ተቀምጫለሁ። ብላክቦርድ ላይ የምጽፈውን እረሳለሁ። ልጆቹ "መምህርት፣ አሞሽ ነው?" ይሉኛል።

እንድትነግሪኝ የጠየቅኩሽ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ አልወቅስሽም። በሩ ላይ ስለሆነውም ወቃሽ ልሆን አልችልም፤ ቃሉን በእጄ ጽፌ የላክሁልሽ እኔ ነኝ። ግን ያቺ ሴትዮ አንድ እግሯን ባዶ አድርጋ ወረደች ያልሽኝ አልለቅ ብሎኛል። በሕይወት አለች፤ እህቷ የጠላቻት መስሏት። እናቴም እንዲሁ ነው የሄደችው። የእናቴን አሁን ማቃናት አልችልም። የሷን እችላለሁ።

አድራሻዋን ከአለቃሽ ጠይቀሽ ላኪልኝ። እጽፍላታለሁ። ይህን ብቻ እሺ በይኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

እትዬሽ


ኅዳር 3 ቀን

ውድ እትዬ፣

ፈጣሪ ልብሽን ያሳርፍልሽ። አድራሻው አያስፈልግሽም፤ ሴትዮዋ ራሷ መጥታ ነበር።

የእህቷን ልብስና መስቀል ልትወስድ ነው የመጣችው። ጥቁር ለብሳለች። ይህን ጊዜ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩላት፤ ግን አልገባችም። እዚያው ቆማ "አንቺው ነሽ?" አለችኝ።

"እኔው ነኝ፣ እማማ።"

"እስቲ የመጨረሻዋን ቀን ንገሪኝ። ስሜን ጨርሶ አላነሳችም?"

ዝም ማለት እችል ነበር። አንቺ በጽሑፍ እስክትነግሪያት ድረስ ዘግቼ መቀመጥ እችል ነበር። ግን እኛን ማን እንደበደለን እናውቅ ነበር፤ ቢያንስ ፊቱን፣ ስሙን፣ ወገቡ ላይ ያንጠለጠለውን። ይህች ሴትዮ ግን ሟች እህቷን ነው ይዛ የምትቀየመው። ያ ደግሞ ትክክል አይደለም። የበቀልኩት እኔ ነኝ፣ ፊቴን ትወቀው።

"ዋሽቼሻለሁ" አልኳት። "አልፈልግም አላለችም። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ስትጠብቅሽ ነበር። ድምፅሽንም ሰምታለች።" ከዚያ የአባቴን ነገርኳት፣ የእናትሽን ነገርኳት፣ ያንቺንም። ሳላለቅስ፣ ሳልቸኩል። ቆማ ሰማችኝ። ትመታኛለች ብዬ ፊቴን አላዞርኩም፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አልመታችኝም። የልብሱን ጥቅል ከእጄ ወሰደች። ከሥር እስከ ላይ አየችኝ፣ ፊቴን እንደምትማር።

"ልጅ አለሽ?" አለችኝ።

"አንዲት ሴት ልጅ" አልኳት።

"ያሳድግልሽ" አለች። ወርዳም ጀልባው ውስጥ ገባች። አንዴም ዞር አላለችም።

እትዬ፣ ስትመርቀኝ ነው ወይስ ስትረግመኝ? ድምፁን መልሼ መላልሼ ሰማሁት፣ አልለይ አለኝ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪኝ። ልጄን ዛሬ ትምህርት ቤት ራሴ አደረስኳት፤ እስክትወጣም ድረስ ሥራዬን ጥዬ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። "እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ሂጂ" ትለኛለች። ነገም አብሬያት ሄጄ እቆማለሁ።

ጉርጤ